ምስክሩም ይፈተን



በኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ዘንድ «አሴምብሊ ለማለፊያ ያህል ይበቃል» የሚል አባባል አለ። የላብ ሥራው ከሲኒየር ይገለበጣል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ይገባል። የአማናውን ጉዳይ ዛሬ እንተወው፤ ብዙ ተብሎበታል። ከነጌሌ ቦረና፣ ከያቤሎና ከሞያሌ የመጣን ልጆች ግን በዚህ የምናጣው ይበዛል እንላለን።

ፕሮግራም ፋይል ሲያነብም ሆነ ስክሪን ላይ ሲጽፍ ከርነሉን መጠየቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚያቀርብልን የሲ ላይብረሪ ነው። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ግን ራሳችን ልንጽፈው እንችላለን፦ የጥሪውን ቁጥር አርኤኤክስ ላይ ማስቀመጥ (ለመጻፍ 1፣ ለመውጣት 60)፣ ግብአቶቹን በየሬጅስተራቸው ማስገባት፣ ከዚያ ሲስኮል። ተማሪ የሚሰናከለው አራተኛው ግብአት ላይ ነው። በተራ የፈንክሽን ጥሪ አርሲኤክስ ውስጥ የሚገባው እዚህ አር10 ውስጥ ይገባል፤ ትእዛዙ ራሱ የመመለሻውን አድራሻ አርሲኤክስ ላይ ስለሚጽፍበት። አር11ም እንዲሁ ይደመሰሳል። ስህተት ሲኖር ከርነሉ ኔጌቲቭ ቁጥር ይመልሳል፤ ያንን ወደ -1 እና ወደ ኤርኖ የሚለውጠው ላይብረሪው ነው።

ጥቅሙስ? ዲበገር ምስክር ነው፤ «ሬጅስተሩ ይህን ይዟል» ሲለን አምነን እንቀበላለን። ምስክሩን ለመፈተን መልሱን አስቀድመን የምናውቀው ፕሮግራም ያስፈልጋል። በእጃችን የጻፍነው አጭር ራፐር ያ ነው፤ ከጥሪው በፊትና በኋላ የት ምን መገኘት እንዳለበት እናውቃለን። የባግዳድ ዑለማዎች መቶ ሐዲሶችን ኢስናዳቸውን አቀያይረው ኢማም ቡኻሪን እንደፈተኑ፣ እርሳቸውም አንድ በአንድ ወደ ቦታው እንደመለሱት ይተረካል። ፈታኞቹ ትክክለኛውን ባያውቁ ኖሮ ያ ፈተና አይሆንም ነበር።

ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አሴምብለሩና ጂዲቢ አንዴ ከተጫኑ፣ ነጌሌ ላይ ኔትወርክ በጠፋበት የክረምት እረፍት በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ማኑዋሉም እዚያው ማሽኑ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የዌብ ፍሬምወርክ ሲያወርድ ፈጅር የደረሰበት ይህን ይረዳናል።

የጀማዓችን ቱቶሪያል ፍሬሾችን ሂሳብና ፊዚክስ አስተምሮ ያቆማል። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ሁለት ሰዓት ለዚህ ይመደብ፤ ወንድሞችም እህቶችም ላፕቶፕ ያለው ከሌለው ጋር ይቀመጥ። የመጀመሪያው ራፐር ለራይት ይሁን። ሁለተኛው ለኤምማፕ፤ ስድስት ግብአት ስላለው አር10ን የዘነጋ ሰው እዚያ ላይ ይያዛል።