ሎዋርን በግጥም፣ በሽሎን በዝምታ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገሬ ሰው። የእኛ ብዕር ግን ከዚህም ብሶበታል፤ ወርቁን ከመዳብ መቁጠሩ ቀርቶ በእጁ መኖሩንም ዘንግቷል። ውድ አንባቢ፣ ክሱን የምጀምረው ከራሴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈረንሳይ አገር፣ በሎዋር ወንዝ ዳር፣ በተከራየሁት ብስክሌት አንድ ሙሉ ቀን ተጓዝሁ። ማለዳ ከብሏ ከተማ ተነሥቼ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምብዋዝ ደረስሁ። በአንድ ወገን የወይኑ ማሳ፣ በሌላው ወገን ቀስ ብሎ የሚፈስሰው ወንዝና በመካከሉ ብቅ ብቅ ያሉት የአሸዋ ደሴቶች… ማታውኑ ተቀምጬ ረዥም ግጥም ጻፍሁ። ለወዳጆቼ ባነብላቸው አንዱ ተነፈሰና «ምነው ለእኛም እንዲህ ያለ ሸለቆ በተሰጠን!» አለ። እኔም ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ።

እኔ፣ ስማዳ የተወለድሁት!

በሽሎን የማውቀው ገና በልጅነቴ ነው። ወዲያ ማዶ ወሎ ዘመድ ለመጠየቅ ከአባቴ ጋር ሌሊት እንነሣ ነበር። ከደጋው ስንወጣ ጋቢያችንን ተከናንበን እንንቀጠቀጣለን፤ ገብሱ አልቆ ማሽላው ሲጀምር ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ደግሞ ሸክም ይሆናል። በአንድ ቀን ብርዱንም ሐሩሩንም የሚያስቆጥር ሸለቆ ነው። ስለዚህ ሸለቆ እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፍሁም።

«ተሰጣቸው» የሚለው ቃል ራሱ ሐሰት ነው። ሎዋር በጎርፉ የታወቀ ወንዝ ነው፤ ሰዎቹ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ግድብ እየከመሩ ነው የገሩት። ዛሬ ወንዙን ተከትሎ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውንም የብስክሌት መንገድ በእጃቸው ሠሩት። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. ሸለቆውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለውሃው ብቻ አይደለም፤ ሰውና ወንዙ ለዘመናት አብረው ለሠሩት ሥራ ነው። እኛ የቀናነው በተፈጥሮ ሳይሆን በድካም ነው።

ለመሆኑ ድካም ከእኛ ዘንድ አልነበረምን? በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ዘቢጥንና ደላንታን አልፈው፣ የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ ገቡ። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ መንገዱ እንደ ጉዞው ይቆረጥ ነበር። ሊወጓቸው የመጡት እንግሊዞች እንኳ መንገዱን አይተው መደነቃቸውን ጽፈዋል። የእኛ ተውኔትና ልቦለድ ንጉሡንም መድፉንም ደጋግሞ አንሥቷል፤ ዐለቱን የፈለጠው እጅና ገደሉ ግን እንደ መድረክ መጋረጃ ከኋላ ቀሩ።

የጋይንቷን ቤተ ልሔምን እንውሰድ። የድጓ ተማሪ ከየአገሩ በእግሩ ተጉዞ ለምስክርነት የሚመጣባት ደብር ናት። ከክቡ ጣሪያ ሥር የተሸሸገውን ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው ግን በ1955 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው ወጣቱ ቶማስ ፓክንሃም ነው፤ ጉዞውንም መጽሐፍ አደረገው። ስንት የቆሎ ተማሪ በዚያው መንገድ አልፏል! መንገዱን የጻፈልን ግን እንግዳው ሆነ።

«የተራበ ሕዝብ ባለበት ስለ ገደል ውበት መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣን እናት የሥዕል ማጌጫ አድርጉ አላልሁም። ነገር ግን የእስቴን፣ የጋይንትንና የስማዳን ስም የምንሰማው መቼ ነው? ድርቅ ሲገባ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በጦርነት ስትያዝ፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ዳግም ግጭት ሲነሣ። በሰቆቃው ብቻ የሚታወቅ አገር ሲጠፋ የሚናፍቀው አይኖርም፤ ምን እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለምና።

የሎዋሩን ግጥም ቀደድሁት አልልም፤ ወንዙ ውብ ነው፣ ግጥሙም አይከፋም። ነገር ግን አንድ ቀን በኪራይ ብስክሌት ለተጓዝሁበት አገር ያን ያህል ስንኝ ቋጥሬ፣ እግሬ ለተሰነጠቀበት ቁልቁለት ዝም ማለቴ ዕዳ ነው። አንተም ጋይንቴው፣ አንቺም የእስቴዋ፣ ጉናን እያያችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ዕዳው አለባችሁ። እናታችሁ ገበያ ስትወርድ የምታርፍበት ዛፍ ስም ነበረው። ከዚያ ጀምሩ።