ጸጥ ያለ ልጅ ሁሉ ጨዋ አይደለም



ባለፈው ወር ነው፤ እዚሁ ደባርቅ፣ በእሑድ አምልኮ ላይ። ስብከቱ ረዝሟል። የአራት ዓመቷ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣለች። ሰባኪው ውኃ ሊጎነጭ ዝም ሲል፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ «አባባ፣ አሜን በሉና እንሂድ!» አለች። የኋላ ወንበሮች በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ቆነጠጥኳት። አገልግሎቱ ሲያልቅ አንድ ወንድም እጄን ይዞ «ከልጅ ጋር የሚስቅ አባት ነገ ቢናገር አይሰማም። የእግዚአብሔር ቤትም መጫወቻ አይደለም» አለኝ። እኔም «እውነትህን ነው» ብዬ ወጣሁ።

እውነቱን አልነበረም። ይህን የምጽፈው ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ የተቀበልኩትን ቃል ለመመለስ ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ሕፃናቱን ወደ ጌታ እንዳይቀርቡ የከለከሉት ፈሪሳውያን አይደሉም፤ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። የአገልግሎቱ ሥርዓት ያሳሰባቸው፣ እንደ እኔና እንደዚያ ወንድም ያሉ ቅን ሰዎች። ታሪኩን ማቴዎስና ሉቃስም ጽፈውታል፤ ጌታ መቆጣቱንና ሕፃናቱን ማቀፉን ግን የምናገኘው በማርቆስ ነው። የተቆጣው በከልካዮቹ ነው፤ ያቀፈው ልጆቹን ነው። ሕፃናቱ ያን ሰዓት ጸጥ ብለው ተሰልፈው ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። አንዱ ጢሙን ሳይጎትት አይቀርም። በማቴዎስ 21 ደግሞ ልጆች በቤተ መቅደስ ውስጥ ሲጮኹ የተቆጡት የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው፤ ጌታ ለልጆቹ ወገነ። በሉቃስ 7 ስለዚያ ትውልድ ሲናገር ምሳሌ ያደረገው በገበያ የሚቀመጡ ልጆችን ነው፤ ሠርግና ልቅሶ እያስመሰሉ ሲጫወቱ፣ «አልዘፈናችሁልንም፣ አላለቀሳችሁልንም» ዓይነት ጭቅጭቃቸውን ሳይቀር ያውቃል። ቆም ብሎ ልጆችን የማያይ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ። ታላቁ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አያቱን ቁጭ አድርጎ ይኮርጃል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ዱላውን ይመረኮዛል፣ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ «እህህ… ጉልበቴ!» ይላል። ከዚያ የዘንድሮ ገብስ እንዴት እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ እኔ ስመልስለት ራሱን እየነቀነቀ «ዝናቡ ነው» ይላል። አያቱ መጀመሪያ ሊቆጡ ቃጥቷቸው ነበር። አሁን እሱ ካልመጣ ማዕድ አይቀርቡም።

ታናሿ ደግሞ ያቺ ባለ አሜኗ ናት። አንድ ቀን መኪና አግኝተን ወደ ሳንቃበር ወጣን። ጭላዳዎቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ። ብዙ ቆማ አየቻቸውና «እየጸለዩ ነው፤ አሜን ግን አይሉም» አለች። ማታ በተራዋ ስትጸልይ፣ ብርድ ነውና ጌታ ጋቢ እንዲሰጣቸው ለመነች። የወንዱን ጎፈር አስታውሼ «እነሱማ ጋቢ አላቸው እኮ» ስላት፣ «እሱ የአባትየው ነው፤ የልጆቹስ?» አለችኝ። እኔ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ግልገሎቹ ጎፈር እንደሌላቸው ልብ ብዬ አላውቅም።

ፓርካችን በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ብዙ ዘመን ሆነው። ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ ተጉዞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ የጭላዳ ግልገል በእናቱ ጀርባ ላይ ሲንጠለጠል አይቶ በሳቅ ይፈነዳል። እኛ አብረነው እንስቃለን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን የራሳችንን ልጅ «አርፈህ ተቀመጥ!» እንላለን። ጭላዳን የፈጠረ እጅ ያችን ልጅ አልፈጠራትም?

ይህ ልማድ ከጭካኔ የመጣ ነው አልልም። አያቶቻችን ልጅ ሲወልዱ ልባቸውን ሙሉ በሙሉ ለመጣል ፈሩ፤ ምክንያቱም ብዙ ቀብረዋል። ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚሉ ስሞች ከየት መጡ? ከሞተ ልጅ በኋላ ከተወለደ ልጅ ነው። «ቆንጆ ናት» ማለትም ያስፈራ ነበር፤ ዓይን ይበላታል፣ ቡዳ ያያታል። ስለዚህ የወደዱትን መደበቅ ወግ ሆነ፤ አባት በወላጆቹ ፊት ልጁን መሳም አፈረ። ይህን እረዳለሁ። የማልረዳው የእኛን የአማኞቹን ነገር ነው። ክታቡን ከልጆቻችን አንገት ፈትተናል፣ ቡዳ ኃይል የለውም ብለን እንሰብካለን፤ ግን ጎረቤት ልጃችንን ሲያደንቅ አሁንም እንደነግጣለን። ክሩ ተበጥሷል፤ ፍርሃቱ አንገታችን ላይ ነው። ከዚያም ፍርሃቱን «ሥርዓት» ብለን መንፈሳዊ ስም እንሰጠዋለን።

የተስፋው ልጅ ስም እኮ ይስሐቅ ነው። በግዕዝ ሠሐቀ፣ በአማርኛችን ሳቀ ከምንለው ጋር ዘመድ ነው። እግዚአብሔር ለዘጠና ዓመት ሴት ልጅ ሰጥቶ፣ ያን ልጅ ሳቅ ብሎ ጠራው። (ዘፍ. 17፥19፤ 21፥6) አብርሃም በጠራው ቁጥር ሳቅን እየጠራ ነበር።

«ታዲያ በትሩስ? የምሳሌው መጽሐፍ በትር አይልም ወይ? ኤሊስ ልጆቹን ባለመገሠጹ አልጠፋም?» የሚል አለ፤ ያ ወንድምም ብሎኛል። ይላል፤ እኔም ተግሣጽ ይቅር አላልኩም። ልጄ ወንድሟን ነክሳ «ጥርሴ ነው» ስትለኝ አልሳቅኩም (ጓዳ ገብቼ ነው የሳቅኩት)። ነገር ግን የኤሊ ልጆች ጎልማሶች ነበሩ፤ የእግዚአብሔርን መሥዋዕት የሚንቁ፣ ሕዝቡን የሚዘርፉ ካህናት። ኤሊን ያስጠየቀው ይህን እያወቀ አለመከልከሉ ነው። አሜን እንዲባል የጠየቀች የአራት ዓመት ልጅ እዚያ ታሪክ ውስጥ የለችም። ደግሞስ የማታውቀውን ልጅ እንዴት ታቀናዋለህ? የቱ ፈሪ፣ የቱ ደፋር፣ የቱ አዛኝ እንደሆነ የሚነግርህ ያ የሚያስቅ ነገሩ ነው። የጭላዳ ግልገል እንዳይበርደው የምትጸልይ ልጅ ምን ዓይነት ልብ እንዳላት በቁንጥጫ አይታወቅም።

ጸጥ ያለ ልጅ ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት ተጠግቶ፣ በጭና ብዙ ንጹሐን ሲገደሉ፣ እኛም ዘንድ ከአዲአርቃይ በኩል የተፈናቀሉ ወገኖች ተጠልለው ነበር። አንዲት እናት አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዛ ቤታችን ሰነበተች። ልጁ የሰጡትን ይበላል፣ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል፣ አይናገርም። አንዷ እህት «ሲያስቀና! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» አለቻት። እናቱ ቀና ብላ «ጨዋ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። እዚያ ቤታችን ሳለን መንደሩን የሚያምሰው እሱ ነበር» አለች። ከብዙ ቀን በኋላ አንዲት ዶሮ ገብታ የባለቤቴን ነጠላ ስትጎትት ልጁ ሳቀ። እናቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ሳቅ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ እሑድ በአዳራሽ ውስጥ የልጄን ድምፅ በቁንጥጫ የዘጋሁትም እኔው ነኝ። ነቢዩ ዘካርያስ የፈረሰችው ኢየሩሳሌም ዳግም ስትሠራ ምልክቱ ምን እንደሚሆን ሲናገር፣ አደባባይዋ በሚጫወቱ ልጆች እንደሚሞላ ነው የተናገረው። (ዘካ. 8፥5) በዝምተኛ ልጆች አላለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ልጁን ካሜራ ፊት አቁሞ «እስቲ እንደ ትናንቱ በል» እያለ ለቲክቶክ የሚያስደግም ወላጅ በልጁ ደስ አልተሰኘም፤ ልጁን ሥራ አስይዞታል። እኔ የምለው ማንም ሳያይ፣ ሽሮው እስኪፈላ ድረስ፣ ቁጭ ብሎ ማዳመጥን ነው።

እግዚአብሔር በሕዝቡ በዝማሬ ደስ እንደሚለው ሶፎንያስ ይነግረናል (3፥17)፤ ይህን ለአዋቂዎች ስንሰብክ አሜን ይባላል። የዚያች ልጅ አባት ፊቱን ከስክሶ እየቆነጠጣት ግን ሰማያዊ አባቷ በእሷ ደስ እንደሚለው በምን ታውቃለች?

ያን ዕለት ማታ ይቅርታ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «አሜን ማለት ኃጢአት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ቆነጠጥከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። በቀጣዩ እሑድ ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ከኋላው ትተን፣ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስብከቱም ትንሽ አጠር ያለ መሰለኝ።