ወጣቱ ሹም ለወቀሳ የሚሰጠው መልስ

ሰው በተሾመ ማግስት መወቀሱ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተ ሕዝብ ሹሙን ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ቢመለከት አያስደንቅም። በሌላ በኩል ደግሞ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲል የኖረው ይኸው ሕዝብ ነውና፣ ጥርጣሬውን በሹሙ ፊት ሳይሆን በሹሙ ጀርባ መናገርን ለምዷል። በዚህ ወር ልንጽፍ የፈለግነውም ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በማዘጋጃ ቤት የተሾመ አንድ ወጣት ሕዝብ በወቀሰው ጊዜ መልሱን ለማን፣ በምንስ መንገድ ሊሰጥ ይገባዋል የሚለው ነው። ስለ ንጽሕና የሚጽፍ መጽሔት ስለ ሹመት ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የምንጭ ውኃ መቆሸሽ፣ የመጸዳጃ ቤት መጉደል፣ በገበያ ዳር የቆሻሻ መከመር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታወቀው በሕዝብ ወቀሳ መሆኑን እንዲያስብልን እንለምናለን። ወቀሳው መልስ አጥቶ በሰነበተ ቁጥር የሚታመም ሰው አለ።

ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ይጀምራል። «ትናንት ደብተር ይዞ ሲሮጥ ያየነው ልጅ ዛሬ ስለ ሽንት ቤታችን ሊያዘን ነውን?» ይባላል። ተሿሚዋ ሴት እንደሆነች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ሲጀምር ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶችን ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ መደበ። ራሷ ሳትወልድ ስለ ሕፃን አያያዝ ልታስተምረን ነው ወይ እየተባሉ የታሙት ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱ መካከል ብልህ የሆኑት ግን ስለ ዕድሜያቸው አልተከራከሩም። «እትዬ፣ እስኪ የልጁን ዐይን ያሳዩኝ» ብለው ቁጭ አሉ፤ የልጁን ፊት ከእናቱ ጋር አጠቡ፤ ዝንብ ከተጨናበሰ ዐይን ወደ ጤነኛ ዐይን የዐይነ ማዝን በሽታ እንዴት እንደሚያመላልስ አሳዩ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነውና፣ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲነቅሉ የኖሩ አያት ባሉበት ቤት ይህ ትምህርት ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

ስለዚህ ስለ ዕድሜ ለሚሰነዘር ወቀሳ ሥራ እንጂ ቃል መልስ አይሆነውም እንላለን። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። አንድ ሽማግሌ «ልጅ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሊሉ የፈለጉት «አልጠየቀኝም» ነው። ምንጩ በክረምት ከየት በኩል እንደሚደፈርስ፣ የየትኛው ቤት ፍሳሽ ወደ የት እንደሚወርድ፣ መሬቱስ ስንት ክንድ ሲቆፈር ከዐለት እንደሚደርስ እኒያ አባት ያውቃሉ። ወጣቱ ሹም ስለ ዕድሜው የተነገረውን ብቻ ሰምቶ ቢቆጣ ይህን ሁሉ ዕውቀት ያጣል።

በታሪካችን ወጣት ሹም ተከስሶ የመለሰበት ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት አቶ ገርማሜ ንዋይ ናቸው። አቶ ገርማሜ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓመታት መባቻ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወላይታን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። በዚያም ሳይታረስ የተቀመጠውን መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ማደል ጀመሩ። ባለመሬቶቹም ተቆጥተው እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ድረስ አቤት አሉ። ሹሙ ተጠርተው በተጠየቁ ጊዜ፣ የተቸገረ ሰው ወደ እርሳቸው እንደ መጣና መሬት መስጠቱም የገዥነታቸው ሥራ እንደሆነ በመግለጽ እንደ መለሱ ይተረካል። ከዚያ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ባነሡት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራም ሕይወታቸው አለፈ።

ስለ ሙከራው ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኛን የሚያሳስበን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። የመልሱ ፍሬ ነገር የሚናቅ አልነበረም፤ ሹመቱ ለምን እንደ ተሰጠ የሚያስታውስ መልስ ነበርና። ነገር ግን ከሳሾቹ ወደ ላይ ከሰሱ፣ ተከሳሹም ወደ ላይ መለሱ፣ ውሳኔውም ከላይ መጣ። ባለመሬቱና ጭሰኛው በአንድነት ቁመው የሹሙን ቃል የሚሰሙበት፣ እነርሱም የሚጠይቁበት አደባባይ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኀላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። ልማዱ ግን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል። ወቀሳ የደረሰበት ወጣት ሹም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያደርገው ሪፖርት መጻፍ ነው። ሪፖርቱ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ክልል ይሄዳል፤ በውስጡም የተቆፈሩ ጉድጓዶች ብዛት፣ ትምህርት የተሰጣቸው ሰዎች ቁጥር፣ የተደረጉ ስብሰባዎች ድምር ይገኛል። ወቀሳውን ያቀረቡት ሴቶች ግን ያን ወረቀት ከቶ አያዩትም። አለቃ ያመሰገነው ሹም በመንደሩ ሲታማ ይኖራል፤ ለምን እንደሚታማም አይገባውም።

እስኪ ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። መካነ ሰላምንና አቀስታን የያዘው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች አካባቢ የሚገኝ አገር ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ አገር የተነገረ ይመስላል፤ ወንዙ ከታች በገደል ውስጥ ይወርዳል፣ ሰው ግን ከላይ በምንጭ ይኖራል። የመቅደላ ስም ሲጠራ ሁሉም የሚያስበው የ1860 ዓ.ም. ጦርነትን ነው፤ በአምባው ዙሪያ የምትኖር ሴት በየማለዳው የምታስበው ግን ስለ ጀሪካንዋ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ምንጭ ጎለበተ እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰዎች «ምንጩ ከተሠራ ወዲህ እንኳ ልጆቻችን ከተቅማጥ አልዳኑም፤ ልጁ ሹም ገንዘቡን በልቶ ሥራውን አበላሸው» ብለው ወቀሱ።

በዚህ ወቀሳ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ ገንዘብ፣ ሁለተኛው ውኃ። ወጣቱ ሹም በስሙ መነሣት ተቃጥሎ ስለ ገንዘቡ ብቻ ሲምልና ሲገዘት ቢውል ውኃው ይረሳል። ለገንዘቡ መልሱ ቀላል ነው፤ የሲሚንቶው፣ የቧንቧውና የሠራተኛው ሒሳብ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሚጠራጠር ሰውም ኦዲተር ይጠይቅ። ውኃው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ከወቃሾቹ መካከል ሁለት ሦስት ሰዎችን፣ በተለይም ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ይዞ በእግር ወደ ምንጩ መሄድ ይገባል። የተገነባው ሣጥን ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታያል። ከበላይ በኩል የክረምቱን ጐርፍ የሚቀይስ ቦይ ተቆፍሯልን? አጥር አለውን ወይስ ከብት ይረግጠዋል? መጸዳጃ ቤት ከምንጩ ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ወይም ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተቆፍሮ እንደሆነስ? ከዚያም ውኃው ተቀድቶ ይመረመራል። ክሎሪን የሚጨመርበትም እንደሆነ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ውስጥ 0.5 ሚሊግራም ገደማ ቀሪ ክሎሪን መገኘቱ ይለካል።

አሁን ውኃው ከቧንቧው አፍ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ እንበል። እዚህ ላይ ነው ወጣቱ ሹም የሚሳሳተው። «ይኸው፣ ወቀሳችሁ ሐሰት ነበር» ብሎ ይመለሳል፤ ፋይሉንም ይዘጋል። ልጆቹ ግን እንደታመሙ ናቸው። ንጹሕ ውኃ ታጥቦ በማያውቅ ጀሪካን ተቀድቶ፣ እቤት ሲደርስ ባልታጠበ እጅ በተያዘ ጣሳ ሲጠለቅ ይበከላልና፣ ሴቶቹ ስለ በሽታው የተናገሩት እውነት ነበር፤ ያልታወቀው ምክንያቱ ብቻ ነው። ሐኪም የታመመ ሰው የበሽታውን ስም ቢያሳስት አይቆጣውም፤ ሹምስ ለምን ይቆጣል?

በቁጣ የተሰጠ መልስ እውነት እንኳ ቢሆን ምን ያህል እንደሚጐዳ የሚያሳይ ታሪክ በሕክምና ዓለም አለ። ኢግናዝ ሰመልቫይስ የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ነበር፤ ዕድሜውም 28 ዓመት ነበር። አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶች የሚገቡት ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ አዘዘ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት የነበረው ክፍል በጥቂት ወራት ውስጥ ሟቾቹ ወደ 2 ገደማ ወረዱ። ታላላቆቹ ሐኪሞች ግን ነቀፉት። እርሱም ለብዙ ዓመታት ሐሳቡን በመጽሐፍ ሳያብራራ ቆየ፤ በ1861 ከጻፈ በኋላ ደግሞ በግልጽ ደብዳቤዎች ነቃፊዎቹን ነፍሰ ገዳዮች እያለ ሰደባቸው። በ1865 ሲሞት ትምህርቱ ገና ተቀባይነትን አላገኘም ነበር። ነቃፊዎቹ ትዕቢተኞች እንደ ነበሩ አንክድም፤ ነገር ግን በመልሱ መዘግየትና መምረር መካከል የሞቱት እናቶች ናቸው።

ወጣት ሹም ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ግን በበሽታ ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ከመዝለቃቸው በፊት በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ አካባቢ ሠራዊታቸውን የመታው ኮሌራ ለዚህ አገር አዲስ በሽታ አይደለም። ሆኖም በቅርቡ ዘመን ለብዙ ዓመታት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ወይም ባጭሩ «አተት» በሚል ስም ሲነገር ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጊዜ ነው በይፋ ኮሌራ ተብሎ የተገለጸው። ሕክምናው በሁለቱም ስም አንድ ነው፤ የጨውና የስኳር ቅመሙ በውኃ ተበጥብጦ ለታማሚው ቶሎ ይሰጣል። ቢሆንም ኮሌራ ገባ ሲባል የሰማ ባለቤት ውኃውን ያፈላል፣ ለቅሶና ድግስ ላይ ጥንቃቄ ያደርጋል፤ ለስላሳ ስም የሰማ ግን እንደ ወትሮው ይኖራል። ሕዝቡ «በሽታ ትደብቃላችሁ» ብሎ የወቀሰ እንደሆነ፣ ወጣቱ ሹም የምርመራውን ውጤት እንደ ደረሰው ከመናገር ሌላ መልስ የለውም። ወሎ ይህን ጉዳይ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። በ1965 ዓ.ም. ሕዝቧ በረሀብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፍኖ ቆይቶ፣ ዓለም በሰፊው ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በታየ ጊዜ ነበር።

ወደ መምህራንና ወደ ከተማው ነዋሪዎችም ጥቂት ቃል አለን። ቡና ተጠጥቶ እስኪነሣ ድረስ የሚወራ ሐሜት ለሹሙ አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም ሊሠራበት አይችልም። የትኛው ምንጭ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ከስንት ቤት ስንት ልጅ ታመመ ተብሎ የተጻፈ ወቀሳ ግን ለጤና ሠራተኛው የግማሽ ቀን ሥራ ያቀልለታል። ከክፍል የቀሩትን ተማሪዎች በየቀኑ የሚመዘግብ መምህር ከማንም ቀድሞ ይህን ማወቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ወቀሳ የጻፈ መምህር ደግሞ በነገር ተፈልጎ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚዛወር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ክረምት ማንም አይጽፍም፤ ሹሙም የበሽታውን ወሬ የሚሰማው ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ወረፋ ሲረዝም ነው።

መልሱ የተገኘውን፣ የሚሠራውንና በዚህ ዓመት ሊሠራ የማይቻለውን ለይቶ በጉልህ ጽሕፈት ተጽፎ ከምንጩ አጠገብ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በገበያ ቀን በድምፅ ይነበብላቸው። ሥራው የሚጀመርበት ቀንና የሹሙ ስም ከግርጌው ይጻፍበት። ያ ቀን ደርሶ ሥራው ያልተጀመረ እንደሆነ፣ እነዚያው ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣሉ፤ ሹሙም ወንበር ስቦ ያስቀምጣቸው።