መንጠቆው ለዓሣው፣ ክብደቱ ለቤታችን

በዛሬው የቤተሰብ ዕረፍት አምዳችን ወደ ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ለምትኖሩ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ከጊንጪ በስተ ደቡብ ዳንዲ፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ወንጪ ይገኛሉ። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጎድጓዳ ስፍራዎች የተኙ ናቸው። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው አንድ ቅዳሜን በእርጋታ ሊያሳልፉበት የሚችሉ ቦታዎች ናቸው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ወንድም ወይም አጎት አንዳንድ ጊዜ በሻንጣው ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ሣጥን ይዞ ይመጣል። ሣጥኑ ሲከፈት ራሱ ላይ ክብደት ያለበት፣ የጎማ ጭራ የተንጠለጠለበት ባለ ቀለም መንጠቆ ይወጣል። ጂግ ይባላል። በዚያ አገር በተለይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱበታል። ታዲያ ለእኛ ያገለግላል? ሲጠፋ ወይም ሲበጠስስ ምትኩን ከምን እንሥራ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም የልጆቻችንን ጤና የሚነካ ነው።

አስቀድመን ዓሣውን እንወቅ

ባስ አዳኝ ዓሣ ነው። ጂጉ ወርዶ የውሃውን ወለል ሲነካ፣ ከዚያም ክሩ ቀስ ተብሎ ብድግ ሲደረግና ሲለቀቅ፣ ለባስ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፍጥረት ይመስለዋል፤ ይውጠዋል። በአገራችን ለእንዲህ ዓይነቱ አጠማመድ የሚስማማው በጫሞና በአባያ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ የሚገኘው ናይል ፐርች ነው። እርሱም አዳኝ ነው፤ ክብደቱም ከ100 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል።

ቆሮሶ ግን ሌላ ነው። ያደገ ቆሮሶ ዋና ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፀዋት ናቸው። ለቆሮሶ ትልቅ ጂግ መወርወር ለላም ሥጋ እንደ ማቅረብ ነው። እርሱን በትንሽ መንጠቆ ላይ በተሰካ ትል ወይም በጠነከረ ሊጥ አባብሉት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጴጥሮስ መንጠቆ እንዲጥል በታዘዘበት በገሊላ ባሕር ዛሬ “የጴጥሮስ ዓሣ” የሚባለውም የቆሮሶ ዘመድ ነው። አምባዛ ደግሞ ባለ ጢም ነው፤ ከወለሉ አጠገብ በጢሙ እየዳሰሰ ያገኘውን ይበላል፤ ይልቁንም ሲመሽ ይንቀሳቀሳል። ለእርሱ ጠንካራ መንጠቆና ሽታ ያለው ሥጋ ይሻላል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በምትሄዱበት ሐይቅ ምን ዓሣ እንደሚወጣ የአካባቢውን አጥማጆች ጠይቁ። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

መንጠቆና ክብደት ስንመርጥ

የመንጠቆ ቁጥር ብዙዎችን ያደናግራል። ከ1 ጀምሮ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜሮ ከተጻፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 3/0 ከ1/0 ይበልጣል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0 ይስማማል።

ክብደቱ የሚመረጠው በውሃው ጥልቀትና በነፋሱ ነው። በፀጥታ ቀን፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ 5 ግራም ይበቃል። ነፋስ ሲኖር ወይም ውሃው ሲጠልቅ 10፣ አንዳንዴም 15 ግራም ያስፈልጋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ወለሉን መንካቱ በክሩ እስከተሰማችሁ ድረስ ቀላሉን ምረጡ። በጣም የከበደ ክብደት በጭቃና በሣር ይያዛል፤ ዓሣው ሲነካውም አይታወቃችሁም። ጂግ ለምትጠቀሙም ውሃው ከደፈረሰ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም፣ ከጠራ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይሻላል።

እርሳስ በማድቤት አይቀለጥ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የጂግ ራስ በአብዛኛው የሚሠራው ከእርሳስ ነው፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት ማለታችን ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ስለዚህ “አሮጌ ባትሪ ሰብሬ በጣሳ ባቀልጠው ምን አለበት?” የሚል አባት አይጠፋም።

ብዙ አለበት! ጭሱና ብናኙ በዕቃ፣ በወለልና በልብስ ላይ ያርፋል። የሚድኸው ሕፃን እጁን ወለሉ ላይ አሳርፎ ወደ አፉ ይወስደዋል። እርሳስ በማደግ ላይ ያለውን የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ብዙዎቹን የእርሳስ ማጥመጃ ክብደቶች እንዳይሸጡ የከለከለችው በሐይቅ ዳር እየለቀሙ የሚውጧቸው ወፎች ስለሞቱ ነው። ወፍን የሚገድል ነገር በልጆቻችን ማድቤት ምን ይሠራል?

እናንተ አባቶች፣ ሚስታችሁ “ይህ እዚህ አይቀለጥም” ብትላችሁ ጭቅጭቅ ነው አትበሉ፤ ቤታችሁን እየጠበቀች ነውና። ከዚህ ቀደም በቤት ውስጥ ቀልጦ ከሆነ ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። ልጆች በአቅራቢያው ከነበሩም ሐኪም አማክሩ፤ ነገሩንም በግልጽ ንገሩት። የተገዛ የእርሳስ ጠጠርንም በጥርስ ነክሳችሁ ክሩ ላይ አታጣብቁ፤ ነክታችሁት ከሆነ ምሳ ሳትበሉ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ምትኩ ከጋራዥ ወይም ከብረታ ብረት ሱቅ ይገኛል፤ የብረት ዳዶ ነው። በ13 ቁልፍ የሚፈታው ዳዶ ወደ 5 ግራም፣ በ17 ቁልፍ የሚፈታው ወደ 10 ግራም ይመዝናል። ሁለቱ አንድ ላይ 15 ግራም ይሆናሉ። ዳዶውን በክሩ ጫፍ እሰሩ፤ መንጠቆውን ከእርሱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ በአጭር ክር አንጠልጥሉት። ዳዶው ወለሉን ይነካል፤ መንጠቆው ከጭቃው በላይ ይቀራል። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ለተመሳሳይ ክብደት ጎላ ይላል፤ ለዓሣው ግን ለውጥ የለውም።

ሐይቅ ዳር ስትደርሱ

እንደ ዳንዲና ወንጪ ባሉ ሐይቆች ውሃው ከዳር ጥቂት እንደተራቀ በድንገት ሊጠልቅ ይችላል። ልጆችን ከእጃችሁ አታርቁ፤ ክር ስትወረውሩም ከኋላችሁ ማንም አይቁም። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ አፏ ሞልቶ ካገኛችኋት ቶሎ ወደ ውሃው መልሷት። ከመዳፍ የማይበልጠውንም እንዲያድግ ልቀቁት። የተበጠሰ የናይለን ክር ከብት እንዳይውጠውና የወፍ እግር እንዳይተበትብ ሰብስባችሁ ተመለሱ።

ዓሣ ባይያዝ እንኳ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወሩበት፣ ልጆችም መታገሥን የተማሩበት ቀን በከንቱ አላለፈም። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!