አፍንጫ ምስክር አይሆንም ወይ?

«የከርሰ ምድር ውሃ መበከል የጂኦሎጂስትና የመሐንዲስ ጉዳይ ነው፤ እናንተ ግጥማችሁን ጻፉ» የሚሉን ጓደኞች አሉን። ምክሩን ሰምተናል፤ አንቀበለውም። የተቀበረ የነዳጅ ጋን ሲያፈስ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የኬሚስትሪ አይደለም። «የማን ቃል ይታመናል?» የሚል ነው። ምስክርን መመርመር ደግሞ የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ሥራ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ሬድ ሂልን እንውሰድ። በሃዋይ፣ ሆኖሉሉ አጠገብ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተራራ ፈልፍሎ 20 ግዙፍ ጋኖች ቀበረ። እያንዳንዳቸው 12.5 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ የሚይዙ ነበሩ። ከጋኖቹ ግርጌ እስከ ደሴቲቱ የመጠጥ ውሃ ድረስ ያለው ግን 30 ሜትር ገደማ ድንጋይ ብቻ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከአንዱ ጋን 27,000 ጋሎን ገደማ ፈሰሰ። ውሃው ደህና ነው ተባለ፤ ሥራው ቀጠለ። በሜይ 2021 ደግሞ ቧንቧ ፈነዳ። ያኔ የተነገረው ከ2,000 ጋሎን በታች ነበር፤ ባሕር ኃይሉ ራሱ በ2022 ይፋ ባደረገው ምርመራ ግን 20,000 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ቀሪው የት ነበር? በእሳት መከላከያው የፍሳሽ መስመር ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ ተኝቶ! ኖቬምበር 20 ቀን በዋሻው የሚመላለስ ተሽከርካሪ መስመሩን መታው፤ ነዳጁም ወርዶ 93,000 ገደማ ሰው የሚጠጣበት የውሃ መስመር ውስጥ ገባ።

ማን ቀድሞ አወቀ? ልጆቻቸውን የሚያጥቡ እናቶች ናቸው። ውሃው ነዳጅ ነዳጅ አላቸው፤ ሕፃናት አስመለሳቸው፣ ቆዳቸው ተቆጣ። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ግን «እኔም ሠራተኞቼም እየጠጣነው ነው» የሚል መልእክት ጻፉ (በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል)። የከተማዪቱ የውሃ መሥሪያ ቤት በአንጻሩ ከዚያው አካባቢ የሚስበውን ትልቅ ጉድጓድ ለጥንቃቄ ብሎ ዘጋ። አንዱ ጠጥቶ ሊያሳምን፣ ሌላው ዘግቶ ሊያድን ማለት ነው። ጋኖቹ እንዲዘጉ የተወሰነው በማርች 2022 ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እኛ ላቦራቶሪ አንጠላም፤ እንዲያውም አፍንጫ ብቻውን እንደማይበቃ እናውቃለን። በአማርኛችን የማደያው ቤንዚንና ኬሚስቶች ቤንዚን የሚሉት ንጥረ ነገር በአንድ ስም ይጠራሉ (ቋንቋችን እዚህ ላይ ሰንፏል)። ሁለተኛው በአንደኛው ውስጥ የሚገኝ ካንሰር አምጪ ነው። የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ5 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝ ያዛል፤ ይህን ያህሉን ማንም ሰው አያሸትም። ስለዚህ ከሸተተ ነገሩ አልፎ ሄዷል፤ ካልሸተተም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ምርመራው ራሱ እኮ ምስጢር የለውም። መጀመሪያ መዝገብ ይነበባል፦ ስንት ተራገፈ፣ ስንት ተሸጠ፣ ዘንጉ ስንት ለካ? ሂሳቡ ወር በወር ከጎደለ ጋኑ ወይም ቧንቧው ይፈተሻል። ከዚያ መከታተያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ። በተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ነዳጁ ስንጥቁን ተከትሎ ይሸሸጋል። «ከአንዱ ጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ቀዳን፤ ዶሴው ይዘጋ» የሚል ባለሙያ ቢመጣ አንድ ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ጨረስኩ ከሚል ተማሪ በምን ይለያል?

«ማስረጃ ሳይኖር ባለቤቱን መወንጀል ፍትሕ ነው ወይ?» ይሉናል ደግሞ። ማን ወነጀለ? የቀበረው ሰው አለማፍሰሱን ያሳይ ነው ያልነው። ጋኑ የእሱ፣ ዘንጉ የእሱ፣ መዝገቡ የእሱ፤ ጠጪው በምን መሣሪያ ያስረዳ? በአሜሪካ በ1988 ደንብ ሲወጣ እንኳ እንደ ሬድ ሂል ያሉት በቦታው የተገነቡ ግዙፍ ጋኖች ከዋናው ግዴታ ተለይተው እስከ 2015 ቆይተዋል። ትልቁ ተዘለለ፣ ትንሹ ማደያ ተያዘ። በዚያ አገር የተረጋገጠው የተቀበረ ጋን ፍሳሽ ከ500,000 በላይ ነው።

«ሃዋይ ሩቅ ነው» የሚል ካለ ወደ አቃቂ ይመልከት። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ብዙው ከዚያ ጉድጓዶች ይወጣል፤ ድንጋዩም እንደ ሃዋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ስንጥቅጥቅ ነው። ማደያዎቻችንም ጋናቸውን የሚቀብሩት በዚሁ መሬት ውስጥ ነው። አቃቂ ተበክሏል አላልንም። የምንጠይቀው ለእያንዳንዱ የተቀበረ ጋን አንድ ገጽ ነው፦ መቼ ተቀበረ፣ ከምን ተሠራ፣ መቼ ተፈተሸ፣ ማን ፈተሸው፤ ገጹም ማንም ጠጪ ገብቶ በሚያነብበት ቦታ ይቀመጥ። ፈታሹ የጋኑ ባለቤት ደመወዝ የሚከፍለው ሰው ከሆነ ያም እዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።