ጦጣዋ ከዛፏ አትውረድ፤ እኛ እንሂድላት

በቅርቡ በሳይንስ ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከኮምቦልቻ በታች የጦጣ ግልገል የሚሸጥ ሰው ስለተገኘ፣ በክበቡ ገንዘብ ትገዛና ከግቢያችን ዛፍ ሥር ትታሰር፤ ለሠልጣኙ መዝናኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ደግሞ ሕያው የትምህርት መርጃ ትሆናለች ነው ሐሳቡ። ብዙዎች አጨበጨቡ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እኛ ግን ከወዲሁ «አይሆንም» እንላለን፤ ምክንያታችንንም በዚህ ግድግዳ ላይ እናሰፍራለን።

እንስሳ በቤት መኖሩን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። የወሎ ልጅ ከእንስሳ ጋር ነው የሚያድገው። ድመቷ ከምድጃው ጥግ፣ ዶሮዋ ከቆጡ ላይ፣ ንቡ ከጓሮ ቀፎ አለ። እርግብና ጥንቸል የሚያረባ ጎረቤትም አይጠፋም። ድመትና ዶሮ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር መኖርን ለምደዋል። ንብ እንኳ ቀፎው ካልተስማማት ጥላ ትሄዳለች፤ ማንም በገመድ አላሰራትም።

ጦጣ ግን በመንጋ ኗሪ ናት። ግልገሏ ለወራት የእናቷን ጡት ትጠባለች፣ ከሆዷ ተለጥፋ ትዞራለች። ልጇን በፈቃዷ የምትሰጥ እናት ደግሞ የለችም። ታዲያ ሻጩ ግልገሏን ከየት አመጣት? እናቲቱ ተገድላ ወይም በውሻ ተባርራ ካልሆነ በሌላ መንገድ አትገኝም። እኛ ገንዘብ ከከፈልን ደግሞ ነገ ሁለተኛዋን ይዞ ይመጣል። ገበያ ማለት ይኸው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሱሪ የለበሰች ጦጣ ሻይ ስትጠጣ በስልክ አይተው «ስታምር!» ይላሉ። ቪዲዮው የሚያሳየው የግልገልነቷን ጊዜ ብቻ እኮ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይታ ስታድግ ክራንቻዋ ይሾላል፣ መናከስ ትጀምራለች። እንደ ማንኛውም አጥቢ እንስሳም የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዛት ይችላል፤ ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በሰው እጅ ያለች ጦጣ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። እኛ ሥልጠናችንን ጨርሰን ወደየወረዳችን ስንበተን ማን ይረከባታል? ንብረት ክፍሉ ነው?

ሕጉም ግልጽ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ነገ የሥነ ዜጋ ትምህርት ልናስተምር የተዘጋጀን ሰዎች ሕግ በመጣስ እንጀምር?

«ንጉሡም አንበሳ ያሳድጉ ነበር» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው። ለንጉሡ አንበሳ ጠባቂ ነበረው፣ የዕለት ሥጋም ነበረው። ከተራ ሰው ቤት የገባ የዱር እንስሳ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ግን በሆለታ አካባቢ ያለውን የእንሰሳ ኮቴ ማዕከል ይጠይቅ። እዚያ ያሉት ከሰንሰለትና ከሕገወጥ ነጋዴ እጅ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎች፣ ጦጣዎችና ሌሎችም ናቸው። ብዙዎቹ አደን አልተማሩም፣ መንጋቸውንም አያውቁም፤ ስለዚህ ወደ ዱር መመለስ አይችሉም። ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር ተሻግረው በዓረብ አገር ባለጸጎች ቤት መታያ የሚሆኑ የአቦ ሸማኔ ግልገሎችም ታሪካቸው ከዚህ የተለየ አይደለም። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ የሚሞቱትም ብዙ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ የምንለው፣ እንስሳዋ ወደ ግቢ ከምትመጣ እኛ ወደ እርሷ እንሂድ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአንድ ቀን መንገድ ደጋውንም ወይና ደጋውንም ማየት ለስንቱ አገር ተሰጥቷል? ቅዳሜ ጠዋት ጦሳን የወጣ ሰው አሞራ ሲያንዣብብ ያያል። ወደ ሐይቅ የወረደ የውኃ ወፎችን ይቆጥራል። ራቅ ካለም በቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ጫካ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለው። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አገር የለውም፤ ዋና ምግቡ ሣር ነው፣ ሌሊቱን ከገደል ላይ ያድራል። ይህን በገመድ ከታሰረ እንስሳ ማን ይማረዋል? ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ ነው። የጦጣዋ ገንዘብ ተጠራቅሞ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ቢገዛ ደግሞ ለሚመጡት ሠልጣኞች ሁሉ ይተርፋል።

ክፍል ውስጥ ሕያው ነገር ካስፈለገ አባጨጓሬ ከተገኘችበት ቅጠል ጋር በብርጭቆ ዕቃ ትቀመጥ፤ ቅጠሉ በየቀኑ ይቀየርላት። ልጆቹ በየቀኑ እያዩ ይሳሉ፤ ቢራቢሮ ስትሆን መስኮቱ ተከፍቶ ትሂድ። ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ትምህርት አለ?

ነገሩ ከአንዲት ጦጣ በላይ መሆኑን ልብ እንበል። ነገ የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ቤተ ሙከራ የላቸውም። ያላቸው ጋራውና ወንዙ፣ ደግሞም የወፍ ጎጆ የት እንዳለ ከእኛ አብልጦ የሚያውቅ እረኛ ልጅ ነው። ያ ልጅ ወንጭፍ በኪሱ ይዞ ይጠብቀናል። መምህሩ ጦጣ አስሮ ካየ ወንጭፉን ያጠብቃል። መምህሩ ስለ ወፏ ከጠየቀውና ስሟን ከእርሱ ከተማረ ግን ቀስ በቀስ ወንጭፉን ይረሳዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን የምንቃወም መሆናችንን ከወዲሁ እናሳውቃለን። የጦጣዋን ሻጭ ጉዳይም ክበቡ ለሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ያመልክት። በምትኩ የቅዳሜ የእግር ጉዞ ቡድን ይቋቋም፤ መምህራኖቻችንም ይምሩን። የሚቃወመን ካለ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ባዶ ቦታ አለ፤ ጽፎ ይለጥፍ።

ከሳይንስ ክበብ አባላት