የሠሪው ስም የት ገባ?

ያገለገለ የካሜራ ሌንስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በሌንሱ ቀለበት ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ያ ስም ግን ብዙ ጊዜ የሻጩ እንጂ የሠሪው አይደለም። ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር የጃፓኑ ሪኮ የሠራቸውን ካሜራዎች በራሱ ስም ሸጧል። ቪቪታርም ሌንሶቹን ጃፓን ውስጥ እያሠራ በስሙ ለገበያ አቅርቧል።

ሠሪውን ማወቂያ መንገድ ግን አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተመረቱ የቪቪታር ሌንሶች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ፋብሪካውን ይናገራሉ፤ 22 ኪሮን፣ 28 ኮሚኔ፣ 37 ቶኪና ነው። ስሙ ቢሸፈንም ቁጥሩ ስላልተነካ ባለሙያው ተረስቶ አልቀረም።

ይህ የሰብሳቢዎች ጨዋታ እንጂ ቁም ነገር አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ከሌንሱ አልፎ ወደ ፎቶግራፉ ሲሻገር ግን ክብደቱ ይታያል። ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ሁርግሮንዬ እ.ኤ.አ. በ1884 ጅዳ ገቡ፤ በ1885 ደግሞ ለወራት መካ ተቀመጡ። በዚያም ከመካው ሐኪም ከሰይድ አብዱልገፋር ጋር ተወዳጁ። እንግዳው ከተማዋን ለቀው ከሄዱ በኋላ ሐኪሙ ፎቶግራፍ እያነሱ ይልኩላቸው ጀመር፤ በሥራቸውም ላይ ስማቸውን በዓረብኛ ያሰፍሩ ነበር። ስኑክ በ1889 በላይደን ባሳተሙት የመካ ፎቶግራፎች ስብስብ ውስጥ ግን ይህ ፊርማ ከምስሎቹ ላይ ተወግዷል። የሐኪሙ ድርሻ ዛሬ ሊታወቅ የቻለው ፊርማቸው ያለባቸው ቀዳሚ ቅጂዎች ከጥፋት በመትረፋቸው ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች ግን አንድ አይደሉም። ፋብሪካው ሌንሱን በሌላ ስም ሲሠራ ዋጋውን ተቀብሎ፣ ውሉን አውቆ ነው። ሰው በእጁ የጻፈውን ስም ከሥራው ላይ ማንሳት ግን የንግድ ልማድ ሊባል አይችልም፤ የባለቤትን ሐቅ መንፈግ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች የሚያሳይ ሙዚየም፣ የሚያትም ጋዜጣና መጽሐፍ ሁሉ የአሳታሚውን ስም ብቻ ጠቅሶ ማለፍ አይገባውም። ከምስሉ ሥር «ፎቶግራፍ፦ ሰይድ አብዱልገፋር፣ የመካ ሐኪም» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል። ለጃፓን ፋብሪካ ሁለት አኃዝ ያስገኘችለትን መታወስ ለመካው ሐኪም አንድ መስመር ልትነፍጋቸው አይገባም።